ዲጂታል ቴክኖሎጂ መኪናንና የከተማ ትራንስፖርትን እየለወጠ ነው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከካዛንቺስ እስከ ልደታ ባለው የአዲስ አበባ መሃል መኪና የሚገዛ፣ የሚያሽከረክር፣ የሚጠግን ወይም የሚሳፈር ሰው ዛሬ የሚጠይቀው ጥያቄ ከቀድሞው ይለያል። ቀድሞ ወሬው ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማውና ስለ ሊብሬው ነበር፤ አሁን ስለ ባትሪው፣ ስለ ሶፍትዌሩና ስለ መተግበሪያው ሆኗል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፦ መኪናውን በእጁ የያዘው ሰውና የመኪናውን ሶፍትዌር የሚያዝዘው አካል አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ብዙው ጥቅምም ብዙው ችግርም የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው።

«መኪና ኮምፒውተር ሆኗል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ነገሩ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በመኪና ውስጥ ያሉ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያዎች መልእክት የሚለዋወጡበትን «ካን» የተባለ የጋራ መስመር ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖች ኦቢዲ 2 የተባለውን የምርመራ መሰኪያ እንዲይዙ በሕግ ተገደዱ። ዛሬ በከተማችን ጋራዦች መካኒኩ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ ስካነሩን የሚሰካው እዚያ ላይ ነው።

የቅርቡ ለውጥ ግን ከዚህ ይጠልቃል። በቀደመው አሠራር አንድ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የያዘው ጠባይ እስኪያረጅ ድረስ አብሮት ይኖር ነበር። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞዴል ኤስን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ግን የመኪና ሶፍትዌር እንደ ስልክ ሶፍትዌር በኢንተርኔት የሚታደስበት አሠራር ተለመደ፤ ስለዚህ ፍሬኑ የሚይዝበት ሁኔታ ወይም ባትሪው የሚሞላበት ፍጥነት መኪናው በግቢ ቆሞ ባደረበት ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። ነባሮቹ አምራቾች ይህን ሥራ በቀላሉ አልለመዱትም። ቮልስዋገንን የሚያህል ኩባንያ የራሱን የሶፍትዌር ክፍል አቋቁሞ ከብዙ መዘግየት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሪቪያን ከተባለው ወጣት የአሜሪካ ኩባንያ ጋር የጋራ ድርጅት መመሥረቱ፣ ብረት መቅረጽና ኮድ መጻፍ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን በግልጽ ያሳያል።

ለቻይና ገበያ የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛ ምን ይገጥመኛል?

በአዲስ አበባ ይህ ጥያቄ ሌሎቹን ስለሚቀድም ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል፣ እዚሁ ተበታትነው መጥተው የሚገጣጠሙት ደግሞ ቀረጥ እንዳይከፍሉ ወሰነ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሲሆን፣ አዲስ መኪና ለሚፈልግ ሰው የቀረው መንገድ ይኸው ሆነ። ከገቡት መኪኖች ብዙዎቹ በመጀመሪያ ለቻይና ገዢ የተሠሩ ናቸው፤ የአውሮፓ ስም የያዙትም ጭምር። ለምሳሌ በጎዳናዎቻችን የሚታየው ቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ታስቦ፣ እዚያው ቻይና ውስጥ የተመረተ ሞዴል ነው።

ገዢው መጀመሪያ የሚያየው የስክሪኑን ቋንቋ ነው፤ እንደ እኔ አመለካከት ግን ከችግሮቹ ሁሉ ቀላሉ እርሱ ነው። ከበስተጀርባ ያለው ይበልጣል። በመኪናው ውስጥ የተገጠመው ሲም ካርድ በቻይና ኔትዎርክ እንዲሠራ የታሰበ ስለሆነ መኪናው ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ያለው ግንኙነት አዲስ አበባ ሲደርስ ሊቋረጥ ይችላል። የስልክ መተግበሪያው ብዙ ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ካርታው ቸርችል ጎዳናን አያውቅም፤ አምራቹ አንድን ጉድለት ለማረም የሚልከው የሶፍትዌር እድሳትም እዚህ ያለችውን መኪና ላያገኛት ይችላል። በመሆኑም በቤጂንግ ያለ ሰው የተመሳሳይ መኪናውን ሶፍትዌር ሲያሻሽል፣ የእኛ ሰው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን በነበረው ሶፍትዌር ሊነዳ ይገደዳል።

ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይሩና ሌላ መተግበሪያ የሚጭኑ ባለሙያዎች በከተማው ውስጥ አሉ፤ ሥራቸውን በአግባቡ የሚሠሩም ብዙ ናቸው። ሆኖም የመኪናን ስክሪን መክፈት አንዳንድ ጊዜ ከስክሪኑ አልፎ ወደ ሌሎች መቆጣጠሪያዎች ስለሚያደርስ፣ ምን እንደተለወጠ በጽሑፍ መቀበልና የቀድሞው ሶፍትዌር ቅጂ መቀመጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሶፍትዌሩን ማን እንደነካው የማይታወቅ መኪና ከቻይንኛው ስክሪን ይልቅ ሊያሳስበን ይገባል።

የመሰኪያው ነገርም አለ። ለቻይና የተሠሩ መኪኖች ጂቢ/ቲ የተባለውን የቻርጅ መሰኪያ ሲይዙ፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 ይይዛሉ። ሁለቱ የሚለያዩት በቅርጽ ብቻ አይደለም፤ መኪናውና ቻርጀሩ የሚነጋገሩበት መንገድም የተለያየ ነው። ስለዚህ በፈጣን ቻርጅ ጊዜ የሚያገናኛቸው አዳፕተር ሽቦን ከሽቦ ከማገናኘት በላይ ቋንቋን ወደ ቋንቋ የሚመልስ መሣሪያ መሆን አለበት። ርካሽ አዳፕተር ገዝቶ በፈጣን ቻርጀር ላይ መሰካት በፍጹም አይመከርም።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ስገዛ ምን ልመርምር?

በነዳጅ መኪና ዋናው ምስክር የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ነበር፤ ያውም ብዙ ጊዜ የሚዋሽ ምስክር። በኤሌክትሪክ መኪና ዋናው ጉዳይ የባትሪው ጤንነት ነው፤ ይኸውም ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው ኃይል ዛሬ ስንት በመቶውን ይይዛል የሚለው ነው። ይህን ቁጥር የሚያውቀው የባትሪ መቆጣጠሪያው ሲሆን፣ የሚነበበው ለሞዴሉ በሚስማማ ስካነር ነው። በዳሽቦርዱ ላይ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይቀርዎታል» የሚለው አኃዝ ግን በቅርቡ የነበረውን አነዳድ እየተመለከተ የሚገምት ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ማስረጃ አይሆንም።

በብዙ የቻይና መኪኖች፣ ለምሳሌ በቢዋይዲ፣ የሚገኘው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ረጅም ዕድሜ ያለውና ለእሳት እምብዛም የማይጋለጥ ነው። ቮልቴጁ ግን ከሙላት እስከ ማለቂያው አካባቢ ብዙም ስለማይለዋወጥ መቆጣጠሪያው የቀረውን ኃይል ሲገምት ሊስት ይችላል፤ አምራቾች በየጊዜው እስከ 100 በመቶ እንዲሞላ የሚመክሩት ግምቱ እንዲስተካከል ነው። ሌላው ብዙዎች የሚረሱት ነገር የቀድሞው ባለቤት አካውንት ነው። መኪናው ከቀድሞው ባለቤት ስልክ ጋር እንደተያያዘ ከተሸጠና ግንኙነቱ የሚሠራ ከሆነ፣ ሻጩ መኪናው የት እንደቆመ ማየት፣ በአንዳንድ ሞዴሎችም በሩን መክፈት ይችላል። ስለዚህ ሊብሬው ሲዛወር አካውንቱም በዚያው ዕለት መሰረዝ አለበት።

ቤቴ ውስጥ ቻርጅ ማድረግ እችላለሁ?

በአብዛኛው አዎ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በ220 ቮልትና በ10 አምፒር ተራ ሶኬት የሚገኘው ኃይል 2.2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በዚህ ሶኬት ለመሙላት ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ይፈጃል፤ 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ግን ሥራውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ነገር ግን በየቀኑ ባዶ ባትሪ ይዞ የሚገባ ሰው የለም። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚያቃጥለው ከ6 እስከ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ተራው ሶኬትም ይበቃዋል፤ ሶኬቱና ሽቦው ለሰዓታት የሚቀጥለውን ጭነት እንዲችሉ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከታዩ በኋላ ማለት ነው።

ከባዱ ነገር የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። ቆጣሪው ፎቅ ላይ፣ መኪናው ታች ሲሆን፣ ከመስኮት የሚወርድ ማራዘሚያ አደገኛ ነው፤ መፍትሔው የነዋሪዎች ማኅበር ተስማምቶ በመኪና ማቆሚያው የጋራ ቆጣሪ ማስገባቱ ብቻ ነው። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በሰፈር ደረጃ መብራት የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ ከማመንጫው ይልቅ በትራንስፎርመርና በማከፋፈያ መስመር ምክንያት ስለሆነ፣ ግድቡ ብቻውን የሰፈሩን ቻርጅ አያረጋግጥም። ኢትዮ ቴሌኮም በአዲስ አበባ የከፈታቸውን የመሳሰሉ ፈጣን የቻርጅ ጣቢያዎች እንዲህ ላለው ቀን ይጠቅማሉ።

በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ለኤሌክትሪክ መኪና ይመቻል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማያስፈልገው አያጣም። ከእንጦጦ ሲወርድም ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ከፊሉን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል።

በስልክ የምጠራው ታክሲ ዋጋውን የሚወስነው በምንድን ነው?

ራይድ የተባለውን የታክሲ መጥሪያ የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ሥራውን የጀመረችው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ሲሆን፣ በኋላም መተግበሪያው ከ8294 የጥሪ ማዕከል ጋር ጎን ለጎን አገለገለ። ይህ ቅደም ተከተል ትርጉም ነበረው፤ ዘመናዊ ስልክ ወይም የኢንተርኔት ጥቅል ያልነበረው ሰው ደውሎ መኪና ማግኘት መቻሉ ነው አገልግሎቱን በከተማው ሥር እንዲሰድ ያደረገው። ፈረስና ሌሎቹ የታክሲ መተግበሪያዎችም የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ዋጋው በመሠረቱ ከመነሻ ክፍያ፣ ከኪሎ ሜትርና ከጊዜ የሚሰላ ሲሆን፣ እንደየድርጅቱ በሰዓቱና በፈላጊው ብዛት ሊለወጥ ይችላል። ርቀቱን የሚቆጥረው የሹፌሩ ስልክ ነው፤ ስለዚህ የስልኩ ጂፒኤስ ሲሳሳት ሒሳቡም ይሳሳታል። መተግበሪያው ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ያሳየውን ግምት በስክሪን ቅጂ ማስቀረት ለክርክር ጊዜ ይበጃል። ከላዳ ባለቤት ጋር በኮንትራት ዋጋ መከራከር የለመደ ሰው ማሽኑ የወሰነውን ዋጋ እንደ ፍትሕ ሊመለከተው ይችላል። ማሽኑ ግን የሚያሰላው ድርጅቱ ባስቀመጠለት ቀመር ነው፤ ቀመሩን ደግሞ ተሳፋሪውም ሹፌሩም አያዩትም።

ክፍያን በተመለከተ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርና በ2015 ዓ.ም. የመጣው ኤም ፔሳ የዝርዝር ብርን ጣጣ አቃለዋል። በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ በ2015 ዓ.ም. መደረጉም ቀድሞ ስለ ሞባይል ገንዘብ ግድ ያልነበረውን ሹፌር ሁሉ ተጠቃሚ አድርጎታል።

ሹፌሩ ካርታ እያየ ለምን ደውሎ «የት ጋ ነዎት?» ይለኛል?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ጂፒኤሱ ነው፤ በሠንጋ ተራና በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የሳተላይቱ ምልክት እየነጠረ ስለሚደርስ፣ ስልኩ የቆሙበትን ቦታ ከመንገዱ ማዶ ሊያሳይ ይችላል። ባለ ሁለት አቅጣጫ ሰፊ መንገድ ላይ ይህ ስሕተት ለሹፌሩ እስከሚቀጥለው መዞሪያ ድረስ ሄዶ መመለስ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እኛው ነን። የከተማችን ሰው አድራሻ የሚናገረው በቤት ቁጥርና በመንገድ ስም ሳይሆን በሚታወቅ ነገር ነው፤ «ከፖስታ ቤቱ ዝቅ ብሎ»፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ»፣ «የቀድሞው ሲኒማ ፊት ለፊት» እንላለን። አንዳንዴ የምንጠቅሰው ቦታ ከፈረሰ ዓመታት ያለፉት ነው፤ የፒያሳ ሰው ይህን ይረዳል። የኮሪደር ልማቱ መንገዶችን ሲያሰፋና መግቢያና መውጫዎችን ሲያዘዋውር ደግሞ ካርታው ከመሬቱ ኋላ ይቀራል። የካርታው ባለቤት ነን የሚሉ ድርጅቶች ሲያዘገዩ፣ ማንም ሰው ሊያርመው የሚችለው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ነፃ ካርታ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፤ የሰፈርዎን መንገድ እዚያ ላይ ማረም የሚከለክልዎ የለም። እስከዚያው ግን ከዋናው መንገድ ዳር በግልጽ ከሚታይ ሕንፃ ፊት ቆሞ መጥራትና በሹፌሩ አቅጣጫ በኩል መሻገር ከየትኛውም ቴክኖሎጂ ይሻላል።

ሚኒባስ ታክሲውስ?

አብዛኛውን ሰው የሚያጓጉዘው እርሱ ሆኖ ሳለ ዲጂታሉ ለውጥ ዘግይቶ የደረሰው ለእርሱ ነው። የትኛው መስመር በስንት ሰዓት እንደሚበዛ፣ ሰልፉ የት እንደሚረዝም የሚያውቁት ተራ አስከባሪውና ረዳቱ ናቸው፤ ዕውቀቱ ያለው በጭንቅላታቸው ነው። በናይሮቢ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ስልካቸውን ይዘው ማታቱ በሚባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች እየተሳፈሩ መስመሮቹን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2014 ለሕዝብ ያወጡት ካርታ፣ መደበኛ የጊዜ ሰሌዳ የሌለው ትራንስፖርትም በካርታ ላይ ሊሰፍር እንደሚችል አሳይቷል። ለአዲስ አበባ ከአዳዲስ የታክሲ መተግበሪያዎች ሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ሥራ ይመስለኛል።

ሹፌሩ የድርጅቱ ሠራተኛ ነው?

ድርጅቶቹ «አገናኝ ነን» ሲሉ፣ ሹፌሮች ደግሞ ኮሚሽኑንም ቅጣቱንም የሚወስንብን ድርጅቱ ከሆነ አሠሪያችን ነው ይላሉ። ክርክሩ የዓለም ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የኡበር ሹፌሮች ዝቅተኛ ደመወዝና የዕረፍት ክፍያ የሚገባቸው ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወስኗል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 በመተግበሪያ አማካይነት ስለሚሠራ ሥራ መመሪያ አጽድቋል። እዚህ በሥራው ለመሰማራት የሚያስብ ሰው ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ አካውንቱ ሲዘጋ ለማን አቤት እንደሚል፣ የተሳፋሪ መድን ማን እንደሚከፍል ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ።

መኪናዬ ሊጠለፍ፣ መረጃዬስ ሊወሰድ ይችላል?

ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ ያለን ጂፕ ቼሮኪ በኢንተርኔት ከርቀት ሲቆጣጠሩ ከታየ በኋላ፣ አምራቹ 1.4 ሚሊዮን መኪኖችን ለእርማት ጠርቷል። ከዚያ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደንብ 155 የተባለውን የመኪና ሳይበር ደኅንነት ደንብ አወጣ፤ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሚመረቱ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ይሠራል። በእኛ ከተማ ግን ይበልጥ የሚያሰጋው የረቀቀው ጠላፊ ሳይሆን፣ ማን እንደሠራው ሳይታወቅ የሚገጠመው ርካሽ የመከታተያ ጂፒኤስና ከፋብሪካ ሲገጠም የነበረው የይለፍ ቃል ሳይቀየር መቅረቱ ነው።

መረጃን በተመለከተ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የታክሲ መተግበሪያ ቤትዎን፣ መሥሪያ ቤትዎንና የሚያመልኩበትን ቦታ ጭምር ከጉዞዎ ታሪክ ሊያውቅ ስለሚችል፣ ይህ ሕግ የጠበቆች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሹፌር አልባ መኪና አዲስ አበባ መቼ ይመጣል?

በቅርቡ የሚሆን አይመስለኝም። ዌይሞ የተባለው የሹፌር አልባ ታክሲ ኩባንያ በአሜሪካ ፊኒክስ ያለ ሹፌር ተሳፋሪ ማመላለስ ከጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ የሚሠራው አስቀድሞ በዝርዝር ካርታ በተነሣባቸው ከተሞች ነው፤ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰበት በኋላ ክሩዝ የተባለው ቅርንጫፉ ይሠራበት የነበረውን የሹፌር አልባ ታክሲ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አቁሟል። በጎተራ ማሳለጫ የጠዋቱን መጨናነቅ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ከዚያ በታች ያሉት ደረጃዎች፣ ማለትም ከፊት ያለውን መኪና ተከትሎ ፍጥነት የሚቀንሰውና ከመስመር ሲወጡ የሚያስጠነቅቀው ግን በመንገዶቻችን ላይ ገብተዋል፤ እነዚህ ረዳቶች ናቸው፤ በሕግም በተግባርም ኃላፊው ሹፌሩ ነው።

መካኒኮች ሥራ ያጣሉ?

ሥራው ይለወጣል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይትና ካንዴላ የመሳሰሉትን ሥራዎች ያስቀራል፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ሰስፔንሽን (ሞላና ሾክ) እና መሪ ግን ይቀራሉ፤ ባትሪው ከባድ ስለሆነም ጎማና ሰስፔንሽን ቶሎ ሊያልቁ ይችላሉ። ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪም አለች፤ እርሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ መኪናው አይነሣም፤ ከተማ ውስጥ ተገትረው ከሚታዩት አንዳንዶቹ ችግራቸው ይህ ብቻ ነው።

በብርቱካናማ ሽቦዎቹ የሚያልፈው ኃይል ግን በብዙ መኪኖች 400 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ይህ በልምድ የሚነካ አይደለም። ስለዚህ ጋራዥ ሲመርጡ መካኒኩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ የዚህ ሞዴል የከፍተኛ ቮልቴጅ ማቋረጫ የት ነው፣ ከተነቀለ በኋላስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስንት ደቂቃ ይጠበቃል? ሳያመነታ ካልመለሰ መኪናውን ይዘው ወደሚቀጥለው ይሂዱ።